ጃንጥላ በጠራራ ፀሐይ

ሰኞ ማታ

ዛሬ ደስ ብሎኛልና ሳይበርድልኝ ልጻፈው። የአደጋ ጊዜ ልምምድ ነበረን። ደወሉን ስጫነው የአይስክሬም ፋብሪካችን ሠራተኛ በሙሉ ሳይጋፋ፣ ሳይሮጥ፣ ሳያጉረመርም ወጥቶ ግቢው ውስጥ ካለችው ዛፍ አጠገብ ተሰለፈ። እኔ የፋብሪካው የደህንነት ኃላፊ ነኝ። ሠራተኛው ግን «ሴፍቲ» ነው የሚለኝ፤ ትክክለኛ ስሜን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የዛሬው ደስታዬ የሚገባው የመጀመሪያውን ልምምድ ላየ ሰው ነው። ያን ጊዜ ደውዬ የወጣነው እኔና ዘበኛው ብቻ ነበርን፤ ዘበኛው ደግሞ ድሮም ውጭ ነው የሚውለው። የቀረው በመስኮት እያየኝ ሳቀ። ማታ ቤት ገብቼ ባለቤቴ ብትለምነኝ ብትለምነኝ እራት አልበላም ብዬ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ በየልምምዱ እየተሻሻሉ መጡ። ንግግሬ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ዛሬም ድንጋይ ላይ ወጥቼ ተናገርኩ። ለልምምድ ቀን ብቻ የማስቀምጠው ቡኒ ኮት አለኝ። ስለ ሰው ሕይወት የሚናገር ሰው በሹራብ መቆም የለበትም ብዬ አምናለሁ። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ጃንጥላቸውን ዘርግተው አዳመጡኝ። ዛፏ ዛፍ ተባለች እንጂ ጥላ የላትም፤ ዝናብም ካየን ቆይቷል፤ እነሱ ግን ጃንጥላ አልረሱም። የክፍሉ አለቃ ባለቤቴ ናት። ጥንቃቄውን ያስተማረቻቸው እሷ ትሆናለች።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ኤሌክትሪሺያኑ ደወሉ ከመጮሁ በፊት ዛፏ ሥር ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥ ነበር። «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብለው «አንተን እየጠበቅሁ ነዋ» አለኝ። ቀልደኛ ሰው ነው።

ማክሰኞ

ሙቀቱ በርትቷል፤ ገበያውም እንደዚያው። አይስክሬሙን የሚያቀዘቅዙልን ሁለት ትልልቅ ኮምፕረሰሮች ናቸው። በቱቧቸው ውስጥ አሞኒያ የሚባል ጋዝ ይዞራል። ከቱቦው እስካልወጣ ድረስ ጨዋ ነው፤ ከወጣ ዓይን ያቃጥላል፣ ከበዛም ትንፋሽ ይዘጋል። ሁለተኛዋ ኮምፕረሰር ሰሞኑን ትንቀጠቀጣለች። ዘንጓ ላይ ጋዙ እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ አርጅቷል፤ በአጠገቧ ሳልፍ ሽታው አፍንጫዬን ይቆነጥጠኛል።

መካኒኩን አናገርኩት። ስለ ማሽኖቹ ሲያወራ የአክስቶቹን ነገር የሚያነሳ ነው የሚመስለው። «እሷን ለኔ ተዋት» አለኝ። «ዕድሜ ነው። ትንሽ ትነጫነጫለች እንጂ እኔን አትከዳኝም።»

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁና አቁመናት ጎማውን እንቀይር አልኳቸው።

«በዚህ ሙቀት? አገር ምድሩ አይስክሬም እያለ? ሙቀቱ ይለፍና እንደፈለግህ ትፈታታታለህ።»

«እርስዎ ካሉ» አልኩ።

በደንቡ መሠረት ማንኛውንም ማሽን የማስቆም ሥልጣን አለኝ። የማስቆሚያው ቀይ ቁልፍ ግድግዳው ላይ ነው፤ እጄ ይደርስበታል። ዛሬ በአጠገቡ ስመላለስ ዋልኩ።

ሐሙስ

ያ ብርቱካን ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። መቼ እንደምደውል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እንግዲህ ወሬ አቀባይ አለ ማለት ነው።

ዘበኛውን ጠረጠርኩ። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «ነገ ከምሳ በኋላ እደውላለሁ፤ ለማንም እንዳትተነፍስ» አልኩት። ውሸቴን ነው። ነገ ሰዉ ተዘጋጅቶ ካየሁ ዘበኛው ተያዘ።

አርብ

ምንም የለም። ከምሳ በኋላ ግማሹ ያዛጋል፣ ግማሹ ያሽጋል። ኤሌክትሪሺያኑ በዛፏ በኩል እንኳ አላለፈም። ዘበኛው ብቻ ባየኝ ቁጥር የምሥጢር ጓደኛ ሆኖ በዓይኑ ይጠቅሰኛል። አሳዘነኝ።

የሥራ አስኪያጁን ጸሐፊ ልሞክራት።

ማክሰኞ

ጸሐፊዋም ንጹሕ ናት። «ሰኞ ነው፣ በኛ መካከል ይቅር» ብያት ነበር፤ ሰኞ ዕለት ከወንበሩ የተነሳ ሰው የለም። የሰሙት ሰዎች የማያወሩ ከሆነ ያልሰሙት እንዴት ያወራሉ?

ዛሬ መብራት ሄዶ መጣና አልቃሻዋ ደግሞ ጮኸች። አልቃሻ የሚሉት ደወሉን ነው። የጋዝ ማስጠንቀቂያውም፣ የልምምዱም ደወል ያው አንድ ነው፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ግን ያለ ምክንያት ይጮሃል። እየጮኸ ሳለ ማሸጊያ ክፍል ገባሁ። አንድም ቀና ያለ ሰው የለም። እዚያ «ሬዲዮ» የምትባል ሠራተኛ አለች፤ አፏም እጇም አያርፍም። «ተዋት፣ ሲደክማት ዝም ትላለች» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ኤሌክትሪሺያኑን አስተካክላት ብለው «ከሙቀቱ በኋላ» አለኝ። ይህች ቃል በግቢው ውስጥ ተዛምታለች።

ረቡዕ ማታ

ዛሬ ድንገተኛ ልምምድ አደረግሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ራሴ የወሰንኩት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው። ኮቴን ለብሼ ቁርስ ቀረብኩ። አማቴ እኛ ዘንድ ነው የሚኖሩት፤ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። ሻያቸውን እያማሰሉ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ልጄ፣ ዛሬ ትደውላላችሁ እንዴ?» አሉኝ።

ሻዩ ትን አለኝ። «ማን ነገረዎት እማማ?»

«ማን ይነግረኛል፣ እኔ ከቤት አልወጣ።»

ባለቤቴን ወዲያው ሳል ያዛት። በዚህ ሙቀት ጉንፋን ከየት እንደመጣባት እንጃ። የማሸጊያ ክፍል ቀድሞ ስለሚጀምር ሁልጊዜ ቀድማኝ ነው የምትወጣው። ከበሩ ኋላ ጃንጥላዋን አነሳች። «ደመና የለም እኮ» አልኳት። «ለፀሐይ ነው» አለችኝ።

ረፋዱ ላይ ደወልኩ። ሰዉ በሥርዓት ወጣ። በአጋጣሚ ዕቃ በሚያንቀሳቅሰው የማሸጊያ ቀበቶ ላይ አንድም አይስክሬም አልነበረም፤ ሁሉንም ካርቶን ውስጥ ከትተው ጨርሰው ነበር። ጃንጥላዎቹ ተዘረጉ። ኤሌክትሪሺያኑ ሁለት ብርቱካን ይዞ ጠበቀኝ፤ አንዱ ለኔ ነው።

ብርቱካኑን ይዤ ድንጋዩ ላይ ወጣሁና ንግግሬን አሳጥሬ ወረድኩ። ከልምምዱ በኋላ ሬዲዮ «እንኳን ደስ ያለህ» ብላ አቀፈችኝና የእንጆሪ አይስክሬም ኮቴ እጅጌ ላይ ቀረ።

ሐሙስ ማታ

ባለቤቴ ልብስ ስታጣጥፍ ጠየቅኋት። «ማን ነው ወሬውን የሚያወጣው? አንቺ ከሴቶቹ ጋር ትውያለሽ።»

«አንተ ደግሞ። ወጡልህ አይደል?»

«ወጡልኝ።»

«ታዲያ ምን ጎደለህ?»

የጎደለውን አሁን ስጽፍ አገኘሁት። እነዚህ ሰዎች የሚወጡት አስቀድመው ሲያውቁ ነው። ጋዝ ግን አያስታውቅም። አንድ ቀን የምሩን ቢመጣ እነማን ይነሳሉ? ባለቤቴ እዚያ ክፍል ውስጥ ናት፤ የማሽኑ ክፍል ደግሞ በአንድ በር ብቻ ነው የሚለየው። ይህን ልነግራት ዞር ስል ተኝታለች። ኮቴን ግን ቦርሻ፣ እጅጌውንም በእርጥብ ጨርቅ አሽታ ሰቅላዋለች። የእንጆሪው ምልክት አልለቀቀም። እንደሷ የሚያስብልኝ የለም።

ሰኞ

በጥድፊያ። ሽታው ጨምሯል። መካኒኩ «ዛሬ ከፍቷታል» አለኝ፤ ሳቁ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሥራ አስኪያጁን ደግሜ ነገርኳቸው። «ከሙቀቱ በኋላ።» ፋብሪካውን የሚመረምር የኢንሹራንስ ሰው ሐሙስ ይመጣል። «ያንን ጃንጥላ ያለበትን ልምምድ ድገምልኝ፤ ሲያዩት ያምራል» አሉኝ።

ኮቱን ለልብስ አጣቢ ሰጠሁ። ሐሙስ ጠዋት ይደርሳል። ቀዩ ቁልፍ ያው እዚያው ነው። እኔም እዚያው ነኝ።

ረቡዕ

ሁለተኛዋ ጋዝ ለቀቀች። ሰዉ ወጥቷል። ሁሉም ወጥቷል። ባለቤቴ ደህና ናት። መካኒኩ ሆስፒታል ነው፤ ይናገራል፣ ይተነፍሳል። አሁን መጻፍ አልችልም።

ሐሙስ

ዛሬ ፋብሪካው ዝግ ነው። በደንብ ልጻፈው።

የኢንሹራንሱ ሰው አንድ ቀን ቀድሞ መጣ። አጭር፣ ግራጫ ኮት የለበሰ፣ ሁሉን ነገር በጣቱ የሚነካ ሰውዬ ነው። እኔ በሹራብ ነበርኩ። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሆነን በኮሪደሩ ስናልፍ ሽታው እንደ ጥፊ መታን። የማሽኑ ክፍል በር ተበርግዶ መካኒኩ ሸሚዙን አፍንጫው ላይ ይዞ፣ ዓይኑ እንባ እያጎረፈ ወጣ። «ከዳችኝ» አለና ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

ቀዩን ቁልፍ ያን ጊዜ ተጫንኩት። ማሽኖቹ ቆሙ። የወጣውን ጋዝ ግን ቁልፍ አይመልሰውም። ደወሉ ይጮሃል። ሥራ አስኪያጁ መካኒኩን ደግፈው ወደ ውጭ ወሰዱት፤ እኔ ወደ ማሸጊያ ክፍል ሮጥኩ።

እንደ ሁልጊዜው ማንም ቀና አላለም። ቀበቶው ላይ አይስክሬም ሞልቷል፤ ሴቶቹ ይከታሉ፣ ያሽጋሉ። ሬዲዮ በካርቶን ሰላም አለችኝ።

«ውጡ፤ ጋዝ ነው፣ የምር ነው» አልኩ።

«ሴፍቲ፣ ዛሬ እኮ አይደለም» አለች ሬዲዮ።

«ምኑ?»

«ልምምዱ። ኮት አልለበስክማ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በክፋት አይደለም፤ እንዲያውም በፍቅር ነው የሳቁት፤ ሊያታልለን መጣ ብለው ነው። ድምፄ ስለተሰነጠቀ «ትወናው ጨምሯል» ያለችም ነበረች። ሽታውን ደግሞ ለምደውታል፤ እኛ ነን ቀስ በቀስ ያስለመድናቸው።

ባለቤቴን አየኋት። እሷ አልሳቀችም። ዓይኗ ሹራቤ ላይ ነበር፤ ከዚያ ፊቴን አየች፤ የያዘችው ካርቶን ከእጇ ወደቀ። እንደዚያ ገርጥታ አይቻት አላውቅም። «ተነሱ!» ብላ ጮኸችባቸው። «እውነቱን ነው፣ ተነሱ!»

«አለቃ፣ አንቺም ጃንጥላ አልያዝሽም እኮ» አለቻት አንዷ። ሳቁ እንደገና ተነሳ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ዘበኛው፣ ጸሐፊዋ፣ ብርቱካኑ፣ የአማቴ ሻይ፣ የባለቤቴ ሳል። ለመናደድ ጊዜ አልነበረኝም። በማሽኑ ክፍል በር ሥር ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር መግባት ጀምሯል። ወደ ኮሪደሩ ተመልሼ ወጣሁ። የኢንሹራንሱ ሰው አፉን በመሐረብ ይዞ መውጫው ጠፍቶበት ቆሟል።

«ኮትዎን!» አልኩት።

«ምን?»

«ኮትዎን ያውልቁ!»

አንድ እጅጌውን እሱ አወለቀ፤ የቀረውን እኔ ገፈፍኩት። ለኔ ጠባብ ነው፤ እጅጌው ከክርኔ ብዙም አላለፈም፣ ጀርባው ላይ አንድ ነገር ሲቀደድ ሰማሁ። እንደዚያው ሆኜ በሩ ላይ ቆምኩ።

ሬዲዮ አየችኝ። አፏ ተከፍቶ ቀረ። «ወይኔ፣ ነው ለካ» አለች።

ሁሉም ተነሱ። ሳይጋፉ፣ ሳይሮጡ፣ እየሳሉ፣ አንዷ የአንዷን ትከሻ ይዛ። ያ ሁሉ በውሸት የተለማመዱት ነገር እግራቸው ውስጥ ነበር። ነፋሱ ወደ ዛፏ ስለነበር በኋላው በር መራኋቸው፤ ጥያቄ አልጠየቁም፣ ኮቱን ተከተሉ፤ የሌላው ክፍል ሠራተኛና የኢንሹራንሱ ሰውም አብረው ተከተሉ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ አሳልፋ የመጨረሻዋ ሆና ስትወጣ ዓይኗ ተቃጥሎ አያይም ነበር። እጇን ይዤ ቧንቧው ድረስ ወሰድኳትና ውኃ አፈሰስኩላት። እስክትገልጠው ድረስ ምን እንደተናገርኩ አላስታውስም።

ዓይናቸው የተቃጠለ፣ ጉሮሯቸው የቆሰለ አሉ። የሞተ የለም። ሥራ አስኪያጁ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ስለ አይስክሬሙ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ውስጥ ግን ሁሉም ቀልጦ ወለሉን ሞልቶታል። የኢንሹራንሱ ሰው መጨረሻ ላይ ወደኔ መጥቶ ኮቱን ጠየቀኝ። መለስኩለት። ጀርባውን አላሳየሁትም።

ሬዲዮ ዛሬ ሰፈሩን ስታዳርስ «ሽታው ነው ያስነሳን» እያለች ነው አሉ። ኮቱ ነው።

አርብ ማታ

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

ባለቤቴ አልዋሸችም። «በመጀመሪያው ልምምድ እራት ሳትበላ የተኛህ ማታ አልቻልኩም። ግድግዳውን እያየህ ነው ያደርከው። በሚቀጥለው ኮቱን ለብሰህ ሳይ ለሬዲዮ ነገርኳት። ዛሬ ሊደውል ነው፣ እባካችሁ ውጡለት አልኳት።»

«ለሬዲዮ።»

«ለሬዲዮ ከነገሩ ለሌላ ሰው መንገር አያስፈልግም።» ይህን ስትል ትንሽ ፈገግ አለች፤ ከዚያ አለቀሰች። «እንዳይስቁብህ ብዬ ልገድላቸው ነበር። ልጆች አሏቸው እኮ።»

ልቆጣት አስቤ ነበር፤ ቁጣው አልመጣም። የመጣው ሌላ ነገር ነው። «እኔም ቀዩ ቁልፍ አጠገብ ስመላለስ ሰነበትኩ» አልኳት። «ሥራ አስኪያጁ ፊት ትንሽ መስዬ እንዳልታይ ብዬ።» እጇን ይዤ አልለቀቅሁም። በጣም ነው የምወዳት፤ እዚህ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ።

አማቴ ከወዲያ ክፍል «ዛሬ ደወላችሁ እንዴ?» አሉ።

ሰኞ

ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ። ማሽኖቹ ሁለቱም ተፈትተው ጎማቸው እስኪቀየር አይነሱም። አልቃሻዋም እየታከመች ነው፤ ኤሌክትሪሺያኑ ያለ ብርቱካን እየሠራ ነው። መካኒኩ ከሆስፒታል ወጥቷል፤ ስለ ሁለተኛዋ ኮምፕረሰር አንድም ክፉ ቃል መስማት አልፈልግም ብሏል።

አንድ ነገር ለመንኳቸው፦ የልምምዱን ቀን ከእንግዲህ የምትመርጠው የማሸጊያ ክፍል አለቃ ትሁን፤ ለኔም አትንገረኝ።

«የደህንነት ኃላፊው ሳያውቅ እንዴት ይሆናል?» አሉኝ።

«እኔ ካወቅሁ ኮቴ ያውቃል» አልኳቸው።

ሐሙስ

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። ምንም እንዳላየሁ ሆንኩ። ፋብሪካ ስደርስ የጫማዬን ክር አጠበቅሁ፣ ወንበሬን ወደ በሩ አስጠጋሁ፣ ሽንት ቤት እንኳ ሳልሄድ ዋልኩ። ኤሌክትሪሺያኑ አጎንብሶ ጫማዬን አየና «ዛሬ ነው እንዴ?» አለኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት።

ደወሉ አልጮኸም። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ እራት እያቀረበች ነበር። «ወንበርህን በሩ ላይ አድርገህ ዋልክ አሉ» አለችኝ። ጃንጥላውን ለምን ያዝሽ ብላት «ለፀሐይ ነዋ» አለች።

ማክሰኞ

ጃንጥላዋን ሳትይዝ ሄደች። አየሁና ልቤ አረፈ። ረፋዱ ላይ ጋዜጣ ይዤ ሽንት ቤት ገባሁ።

ደወሉ ጮኸ።

ቀበቶዬን እያሰርኩ ስደርስ ሰዉ ሁሉ ዛፏ ጋ ተሰልፏል። ጃንጥላ የያዘ አንድም አልነበረም። ሴቶቹ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ፀሐዩ ውስጥ ቆመዋል፤ ሬዲዮ ያላሸገችው አይስክሬም በእጇ ይቀልጣል፤ ኤሌክትሪሺያኑ አንድ እግሩ ባዶ ነው። ማንም አላወቀም ነበር። ሁሉም ግን ወጥተዋል። ባለቤቴ ድንጋዩ ላይ ቆማ እየቆጠረች ነበር፤ አንድ ሰው ጎድሏት መግቢያውን ስታይ ዓይናችን ተጋጨ።

ግቢው በሙሉ ሳቀብኝ። የመጀመሪያው ልምምድ ዕለት ከሳቁት የባሰ ነው የሳቁት።

ማታ እራቴን በደንብ በላሁ፤ ጨምሪልኝም አልኳት።